በዋስ የተለቀቀው ውሻችን

ልጄ ከእንስሳት ሐኪም ቤት ይዛው የመጣችውን ጠርሙስ ስትከፍተው ሞጣ ሸተተኝ። ሞጣ ስል ከተማዋን በሙሉ ማለቴ ነው፤ ገበያዋ፣ የበቅሎዎቿ ላብ፣ የአክስቴ ጓዳ፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሳይቀር ከዚያች ጣት ከማታስገባ አንገት ተጋፍተው ወጡና አዲስ አበባ ያለው ሳሎኔ ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጠርሙሱ ላይ የአጃ ዛላ ተስሏል። "ለስኖው ነው" አለች ልጄ። ስኖው ማለት ከድመት ትንሽ ከፍ፣ ከጥጥ ባዘቶ ትንሽ ዝቅ የሚል ነጭ ውሻዋ ነው። "ቆዳው ደርቆ ያሳክከዋል፣ ፎረፎርም አለው። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ አትጠቡት፣ በአጃ ውኃ ዘፍዝፉት፣ ምግቡ ላይ ዘይት ጠብ አድርጉበት አለችን።" ሳቅ ገደለኝ። ልጄ እናቷ ለየላት ብላ በድንጋጤ ታየኛለች፤ እኔ ግን የሐኪሟ እናት ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ ይኸንኑ መድኃኒት ይዤ ቢቸና ላይ በሽማግሌ ፊት ቆሜ ረትቼበታለሁ።

ያን ጊዜ ንጉሡ በዙፋናቸው፣ አያ ቸኮል በጎፈሬያቸው፣ እኛም በአጥራችን ውስጥ ነበርን። አያ ቸኮል ቢቸና ላይ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ከአርበኝነታቸው ዘመን ወዲህ መቀስ ያላስነኩት ጎፈሬ ነበራቸውና በበራችን ሲያልፉ ጥላው ግቢያችን ገብቶ ዶሮዎቻችን መሸ ብለው ቆጥ ይወጡ ነበር። አባቴ ደግሞ ሙግተኛ ነበር። የሌላው ልጅ አባትሽ ምን ይሠራል ሲባል ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ካህን ይላል፤ እኔ "ሙግተኛ" እላለሁ፣ ሰዉም ሥራ መሆኑን አምኖ ያልፈኛል። ሁለቱ የሚሟገቱባት መሬት በሬ ቢተኛባት ጭራው ከወሰን ውጭ የሚያድርባት ቁራጭ ናት፤ ሙግቷ ግን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ ታላቅ እህቴ ነበር የማከብራት። ቀጠሮ የደረሰ ቀን አባቴ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ እንደ ሙሽራ ተሸኝቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ቀጥ ብሎ የሚመለሰው ከዘራው ብቻ ነው። አንድም ቀን ረትቶ አያውቅም። ቤተሰባችን በሙሉ፣ እስከ ዘር ማንዘሩ፣ ረትቶ አያውቅም።

በእኛ አገር ውሻ ስም የሚወጣለት ለውሻው ተብሎ አይደለም፣ ለጎረቤት ነው። ፊት ለፊት የማይባለውን ነገር ውሻ ላይ ትለጥፉና ምሽት ላይ አጥር ጥግ ቆማችሁ ትጣራላችሁ፤ ውሻውም ይመጣል፣ መልእክቱም ይደርሳል፣ ሰደብከኝ ብሎ የሚከሳችሁም የለም። አባቴ አንድ ነጭ ቡችላ አመጣና "ይታያል" አለው፤ ማን እንደሚረታ ይታያል ማለቱ ነው። ወዲያው አያ ቸኮል አንድ ቀይ ቡችላ ፈልገው "አይተናል" አሉት። ከዚያ ወዲህ ጀምበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ከወዲህ "ይታያል! ና፣ ይታያል!" ሲባል፣ ከወዲያ "አይተናል! እህ፣ አይተናል!" ይመለሳል። ውሾቹ ግን የሙግቱን ነገር የነገራቸው ስለሌለ በአጥሩ ሽንቁር አፍንጫ ለአፍንጫ እየተሳሳሙ ያመሹ ነበር።

እናቴ ይታያልን የወደደችው በንጣቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተሰቡን ልብስ ለእሁድ ቅዳሴ በእንዶድ ስታጥብ፣ የተረፈው አረፋ ሜዳ ላይ ከሚደፋ ብላ ውሻውን ትይዝና እንደ ኩታ ታሸዋለች። እንዶድ ማለት የዓመት እድፍ የሚያስለቅቅ፣ ደንጊያ ላይ ቢፈስ ደንጊያውን የሚያሳሳ ነገር ነው። መጀመሪያ ይታያል እንደ ጥጥ ፈካ፤ ሰው ሁሉ አደነቀ፤ እናቴም በሰዉ አድናቆት ተበረታታ አጠባውን አጠበቀች። ኋላ ጸጉሩ እንደ ሰንበሌጥ ደረቀ፣ ቆዳው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ፣ ከላዩም የጤፍ ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፍ ጀመር። እናቴ እድፍ መሰላት። ባጠበችው ቁጥር ይራገፋል፣ በተራገፈ ቁጥር ታጥበዋለች። በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። እኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ይሰቀላል፣ አጥንት የሚባል ነገር ከግቢው ይጠፋል፤ ስለዚህ ውሻውም ሳይወድ በግዱ ደረቅ እንጀራ እየቆረጠመ ከእኛው ጋር ይጾማል። ሲያክክ የኋላ እግሩ መሬቱን እንደ ከበሮ ይደልቀውና መንገደኛው "በጾም ሰርግ የደገሰ ማነው?" ይላል። ሲራገፍማ አይወራ! አንድ ቀን ግቢው መካከል ቆሞ ራሱን ቢያርገፈግፍ፣ በበራችን የሚያልፍ አንድ ቄስ ውርጭ ወረደ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሮጡ።

ጣጣውን ያመጣው ያ ዱቄት ነው። አያ ቸኮል ለጾም የሚሆን የሽምብራ ስጥ በአጥራቸው ሥር አስጥተው ሳለ፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ እነሱ ሲነፍስ፣ ይታያል ተነሥቶ ራሱን አራገፈ። በማግስቱ ከሰፈሩ ሾላ ሥር ሽማግሎች ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ከቅኔ ቤት ተማሪ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ጉንዳን ስትረግጥ የሚሰማ ሽማግሌ።

አያ ቸኮል ተነሡ። "መሪጌታ፣ ይህ ውሻ እከካም ነው። ፎረፎሩ አጥር ዘሎ ስጤ ላይ ወርዷል። የውሻ ገላ ሥጋ ነው፤ ሥጋ የነካው እህል ፍስክ ነው። እኔ በዱር በገደል ሆኜ ጠላት ያላስገደፈኝን ሰውዬ፣ የዚህ ሰው ውሻ ሁዳዴን አስገደፈኝ! ይገደልልኝ!"

የሚታነቅበትን ገመድ ይዘው ነበር የመጡት። ገመዱን ሳይ ይታያል አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፤ ስነሣ ከራስ እስከ እግሬ በዱቄት ነጥቼ ነበርና ሁለት ታማሚ የመጣ የመሰላቸው አልጠፉም። በሳቅ የምነግራችሁ ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ከሾላው ሥር ይዤው የምመለሰው ገመዱን ይሁን ውሻውን አላውቅም ነበር።

አባቴ ኩታውን አደግድጎ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። "መሪጌታ፣ ውሻዬ ጿሚ ነው። ሁዳዴ ከገባ አጥንት አላየም፣ ቅቤ አልሸተተውም። የጿሚ ገላ ፍስክ ከሆነ፣ እኛ ጿሚዎች ተቃቅፈን በተሳሳምን ቁጥር እየገደፍን ነው ማለት ነው። አያ ቸኮልስ ዛሬ ጧት መሪጌታን ጉልበት ስመው የለ?"

ሾላው ሥር ሳቅ ሆነ። መሪጌታ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ፈረዱ። "እህሉ ንጹሕ ነው፤ ነፋስ ያመጣውን ነፋስ ይወስደዋልና አንፍሰህ ብላ፣ ቸኮል። ውሻው ግን ታሟል፤ ሰፈር ውስጥ ቆይቶ ሌላ አያስይዝ። እስከ ሆሳዕና ከቢቸና ይውጣ። ድኖ ከተመለሰ ይኑር፤ ሳይድን ከተመለሰ ገመዱ የቸኮል ነው። ዋስ ጥራ!"

"ዋሱ ራሴ ነኝ" አለ አባቴ።

"መዳኑ በምን ይታወቃል?" ሲሉ መሪጌታ፣ አያ ቸኮል ከትከሻቸው ጥቁር በርኖሳቸውን አወረዱ። "በዚህ ይታወቃል። ይነጠፋል፣ ውሻው ከላዩ ቆሞ ይበጠራል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ብትታይ ረትቻለሁ።" አባቴም እንደ ልማዱ ሳያስብ "ይሁን!" አለ።

እንዲህ ሆነን ሞጣ ወረድን፤ አባቴ በበቅሎ፣ እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ፣ የዋሱ ውሻ በጠፍር ታስሮ ከኋላችን። በደብረ ወርቅ በኩል ነበር ያለፍነው፤ ብንጠፋ እንኳ በዱቄቱ ዱካችንን ተከትሎ የሚያገኘን አይጠፋም ነበር። እናቴ ለስንቄ ከቋጠረችልኝ ቆሎ ጎን አንድ ሙሉ ቁና የተወቀጠ እንዶድ አስይዛኝ ነበር፤ "ቅዳሜ ቅዳሜ ሳታጥቢው እንዳትቀሪ" ብላ አስምላኛለች። እኔ ትምህርት ቤት ለመግባት ገና ነበርኩ፤ ቀኝ እጄ በራሴ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮዬን ስላልነካ ዘበኛው መልሶኛልና ለውሻ አስታማሚነት ከእኔ የተሻለ ሥራ ፈት ቤቱ አልነበረውም። አባቴ ለአክስቴ ለእታፈራሁ አስረክቦን ወደ ቀጠሮው ተመለሰ።

እቴቴ እታፈራሁ በሞጣ የታወቀች ቆጣቢ ናት። ቆጣቢ የምላት አክስቴ ስለሆነች ነው። እንዶዱን ባየች ጊዜ እጇን በአፏ ጫነች። "ይኸ ሁሉ ለውሻ? ለእኔ ነጠላ እስከ መስቀል ይበቃል እንጂ!" ብላ ቆልፋ አስቀመጠችው። ይታያልም ከተወለደ ጀምሮ ሳይታሽ ያሳለፋት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ያች ናት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እስር ቤት ሲከፈት እስረኛ ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነበር።

ከዚያ እቴቴ መድኃኒቷን ጀመረች። እናንተ አጃ የምትሉትን እኛ እንግዶ እንለዋለን። እሱን ፈጭታ፣ ለብ ባለ ውኃ ስትዘፈዝፈው እንደ ተልባ ይለዝባል፤ በሻሽ ታጠለዋለች፤ የወጣውን ወተት መሳይ ልጋግ በቅል እየቀዳሁ ይታያል ጀርባ ላይ አፈሳለሁ፣ በመዳፌም ቀስ እያልኩ እስከ ቆዳው አዳርሳለሁ። ስነካው ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር። የእቴቴ አጥር ጎረቤት ሐጂ እድሪስ የሚባሉ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው፤ በጎጃም ምድር የእሳቸው እጅ ያላለፈበት በቅሎ በቅሎ አይባልም ባይ ነበሩ፣ ይህንንም በቀን ሰባት ጊዜ ካልተናገሩ እንጀራ አይወርድላቸውም። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አዩንና ሳቁ።

"እታፈራሁ፣ ገንፎ ልታገነፊበት ነው?"

"እርስዎ ምን ያውቃሉ ሐጂ፣ የበቅሎ ነገር ሲሆን ይናገሩ!"

"ቆዳ ቆዳ ነው! ከበረሃ የተመለሰች በቅሎ ጀርባዋ እንዲህ ሲራገፍ በኑግ ዘይት አለስልሼ ስንቴ ሸጫለሁ!"

"ዘይቱን ይቀቡትና እሳት ዳር ያስቀምጡት፤ እንዲያው ጥብስ ሊያደርጉት ነው የፈለጉት!"

ሐጂ ግን ነገር አይተዉም። ሃይማኖታቸው ውሻ አያስነካቸውም፤ ስለዚህ አንድ ረጅም ሸንበቆ ፈልገው፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ኑግ ዘይት ውስጥ እየነከሩ ከአጥር ወዲያ ማዶ ሆነው እንደ ሥዕል ቀቢ ይታያልን ይቀቡት ጀመር። እቴቴ ጧት እንግዶዋን ታፈሳለች፤ ቀትር ላይ ሸንበቆው በአጥሩ ብቅ ይላል፤ ይታያልም ሸንበቆውን ሲያይ ራሱ ሄዶ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ አንደኛው ጎን ሲያልቅ ሳይነግሩት ይዞራል። ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ለሐጂ ቤት ሁዳዴ የለም። ከጓዳቸው ጮማው ያልተላቀቀ አጥንት በአጥሩ ላይ እየበረረ ይመጣል። እቴቴ አንድ ቀን ደረሰችባቸውና "ሐጂ! ጿሚ ነው ተብሎ በሽማግሌ ፊት የተመሰከረለት ውሻ እኮ ነው!" ብትላቸው፣ "እታፈራሁ፣ መቼ ተጠምቆ?" አሏት። እቴቴም አጥንቱን በእግሯ ወደ ይታያል ገፋ አድርጋ ገባች።

ቀን በቀን በጣቶቼ ጸጉሩን እየገለጥኩ አየዋለሁ። መጀመሪያ ማከኩ ቀነሰ፤ ከበሮው ዝም አለ። ከዚያ ስንጥቁ ገጠመ። ከዚያ ሥሩ ላይ አዲስ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሐር ክር የሚያብለጨልጭ ጸጉር ብቅ ማለት ጀመረ። ለሆሳዕና ሲቃረብ አባቴ ሊወስደን ሲመጣ፣ ይታያል እቴቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበርና የጸጉሩ ነጸብራቅ ዓይኑን ወግቶት አባቴ በእጁ ከለለ። "ይኸ የማን ውሻ ነው?" አለ። ስነግረው ከበቅሎው ወርዶ ተንበረከከ፣ በሁለት እጁ ዳበሰው፣ መዳፉን ገልብጦ አየ፤ መዳፉ ንጹሕ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱ ግን ኑጉ ዓይኔን አቃጠለኝ አለ።

ሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ካበቃ በኋላ የቢቸና ሰው የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ፣ የዘንባባ አክሊሉን በራሱ እንዳደረገ ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ የኢየሩሳሌም ሰው ራሱ የመጣ መስሎኝ ነበር። አያ ቸኮል ገመዳቸውን በክንዳቸው ጠምጥመው ቀርበዋል። ጥቁሩ በርኖስ ተነጠፈ። ይታያልን ይዤ ገባሁ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀ፣ አንድ ሰው "እሰይ!" ሲል ሰማሁ። በርኖሱ ላይ አቆምኩትና እናቴ ጥጥ የምትባዝትበትን ማበጠሪያ ይዤ ከአንገቱ እስከ ጭራው ሳበጥረው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አበጠርኩ። ገልብጬ አበጠርኩ። ጭራውን ሳይቀር አበጠርኩ። ምንም የለም።

"ምን ታየ?" አሉ መሪጌታ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አሉ አያ ቸኮል። አላመኑም። ውሻውን ገፋ አድርገው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ያን ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ ያልነካውን ጎፈሬያቸውን በበርኖሱ ላይ ደፍተው ክሩን በክር ይፈልጉ ጀመር። ወደ ግራ አሉ፣ ወደ ቀኝ አሉ፣ በንዴት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ በረዶ ጣለ። የምሬን ነው፤ ከዚያ ከአርበኝነት ዘመን ጀምሮ ሲጠራቀም ከኖረ ጎፈሬ፣ በጥቁሩ በርኖስ ላይ፣ ነጭ ነገር ቡል ቡል እያለ ወረደ።

"ይኸው! ይኸው!" ብለው ጮኹ አያ ቸኮል። "ታየ!"

"ከውሻው አይደለም፣ ከላይ ነው የወረደው!" አልኩ እኔ፣ ማን ተናገሪ እንዳለኝ እንጃ።

መሪጌታ ደካማ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ። "ከላይ? ከሰማይ ነው ልጄ?"

"አይደለም አባ፣ ከአያ ቸኮል ጎፈሬ ነው።"

አያ ቸኮል በርኖሱን አዩ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሰደዱ፣ ጣታቸውን አዩት። ሳቁ ከሾላው ሥር ተነሥቶ እስከ ገበያው ሲደርስ ወፎቹ ከዛፉ ተነሡ፤ የሳቁ ነፋስ አወጣቸው ብል ማጋነን አይሆንም። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና "ውሻው ነፃ ነው" አሉ፤ ቀጥለውም ፊታቸው ሳይፈታ "ፍርድ ለሁሉ እኩል ነው። ለዚህኛውስ ዋስ የሚሆን አለ?" አሉ።

ሰዉ ሁሉ አባቴን አየ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቀን ያች ናት፤ ባላጋራው በፊቱ ተንበርክኮ፣ የሚረታበት ማስረጃ በርኖሱ ላይ ተዘርግቶ። ኩታውን አደገደገ፣ ከዘራውን ተከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ዋስ ነኝ" አለ። "እስከ ፋሲካ አድነዋለሁ።"

አያ ቸኮል መጀመሪያ ገመዳቸውን ጨበጥ አደረጉ፤ ሊቆጡ ነው ስንል እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸውና በርኖሳቸው ላይ ተዘርግተው ሳቁ። ገመዱ እዚያው ቀረ። በበነጋው ሚስታቸው እትዬ ዘርፌ ቅል ይዘው በአጥሩ ሽንቁር አንገታቸውን አስገቡ፤ "ያች የሞጣ እንግዶ ትርፍ አላት እንዴ ልጄ?" አሉኝ። የሰሙነ ሕማማት ሰሞን የአርበኛውን ጎፈሬ ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ ይታያልን ባጠብኩበት በዚያው እጄ፣ በዚያው ቅል። "ቀስ በይ ልጄ፣ ይኸ ጎፈሬ ጥይት ያለፈበት ነው" ይሉኛል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የታችኛው ከንፈራቸው ተንጠልጥሎ። ይታያልና አይተናል በአጥሩ ሽንቁር ጎን ለጎን ተጋድመው ያዩን ነበር። እናቴም ውሻ ማጠቡን ተወች፤ መተዋን ግን እስክትሞት አላመነችም፣ "እንዶድ ተወደደ" ነበር የምትለው።

ያች ቁራጭ መሬት ለሁለቱም አልሆነችም። ሙግቷ ሳያልቅ ዘመኑ ተለወጠና መሬቱም፣ ችሎቱም፣ ዙፋኑም አንድ ላይ ሄዱ። እነሱም ተከታትለው ሄዱ፤ አባቴ ሲቀበር የለቅሶውን ድንኳን የተከሉት አያ ቸኮል እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በቤተሰባችን ታሪክ የረታነው ሙግት አንድ ነው፣ እሱም በውሻ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስንቴ ወድቄ ስነሣ ያን በርኖስ እያሰብኩ ነው።

ልጄ ስኖው የምትለውን ውሻ እኔ ይታያል ነው የምለው። አጠባውን ተቀበልኳት፤ የጠርሙሱን ነገር ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ፣ ቀስ እያልኩ እስከ ቆዳው አዳረስኩ፤ እሱም የአባቶቹን ልማድ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንጠለጠለ። ሲሻለው ምሽት ላይ ከግንቡ አጥር ሥር ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይታያል! ና፣ ይታያል!" ብዬ ተጣራሁ። ከግንቡ ወዲያ ሰው አለ፤ መኪና ሲገባና ሲወጣ እሰማለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም፣ እሱም ውሻ እንዳለኝ አያውቅም። ይኸ ውሻ አዲስ አበባን በፎረፎር ቢያለብስ የሚከሰኝ ጎረቤት የለኝም፤ ገመድ ይዞ የሚመጣም፣ ዋስ የሚሆንም የለኝም። "አይተናል" የሚል ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው። ገባሁና ጥቁር ካፖርቴን ሳሎኑ መካከል አነጠፍኩ፣ ይታያልን ላዩ ላይ አቆምኩ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው አበጠርኩት። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር አልታየችም። እልል አልኩ። ልጄ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ "ምን ሆነሽ ነው እማ?" ብትለኝ "ረታን!" አልኳት። ደግሜ ለማረጋገጥ ካፖርቱ ላይ አጎንብሼ ክሩን በክር አየሁት፤ ያጎነበስኩት ግን መጀመሪያ ሻሼን አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ነው።